ስልክሽ አልበራ ሲል፦ ውስጡ ያለውን ሳታጠፊ ምን ታደርጊያለሽ?



ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ አንድ ማታ ስልኬ ድርግም አለ። ቁልፉን ብጫነው፣ ቻርጀር ብሰካው አልነሳ አለኝ። ውስጡ በየወሩ የተቀበልኩትን ደመወዝ የምጽፍበት ደብተር ፎቶ፣ ወደ አገር ቤት ገንዘብ የላክሁባቸው ደረሰኞች፣ የእናቴም የድምፅ መልእክቶች ነበሩ። ደንግጬ በማግስቱ በቤቱ ሹፌር እጅ ወደ ጥገና ላክሁት። ማታ ስልኩ በርቶ መጣ፤ ግን ባዶ ነበር። ጠጋኙ ፎርማት አድርጎታል። "ውስጡ ያለውን አታጥፋ" ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም። በኋላ የቀረብኝን የሁለት ወር ደመወዝ ስጠይቅ የማሳየው ነገር አጣሁ።

ያኔ ያላወቅሁት ይህን ነው፦ የማይበራ ስልክ ማለት ውስጡ ያለው ጠፋ ማለት አይደለም። ፎቶሽና መልእክትሽ የሚቀመጡት ሜሞሪው ላይ ነው። ባትሪው ቢደክም፣ ስክሪኑ ቢሰበር፣ የቻርጀር መሰኪያው ቢበላሽ ሜሞሪው ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋው የእኛ ችኮላ ነው። ስለዚህ ቀጥሎ ያለውን በተራ አድርጊ።

1. የሞተው ስልኩ ነው ወይስ ስክሪኑ?

በሌላ ስልክ ወደ ራስሽ ቁጥር ደውዪ። ከጠራ ወይም ከነዘረ ስልኩ በሕይወት አለ፤ የተበላሸው ስክሪኑ ነው። ስክሪን መቀየር ፎቶ አያጠፋም።

2. ቻርጅ አድርጊና ታገሺ

ባትሪው ጨርሶ ካለቀ ስልኩ ወዲያው ምልክት አያሳይም። በሌላ ስልክ ላይ እንደሚሠራ ባረጋገጥሽው ገመድና ቻርጀር ግድግዳው ላይ ሰክተሽ፣ ሳትነካኪው አንድ ሰዓት ያህል ተዪው። መሰኪያውንም በብርሃን እዪው፤ የኪስ ብናኝና ዱቄት ይሞላዋል። ገመዱን ነቅለሽ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ቀስ ብለሽ አውጪው። በመርፌ ወይም በወረቀት ሽቦ አትነካኪው።

3. አስገድደሽ አስነሺው

ሳምሰንግን ጨምሮ በብዙዎቹ አንድሮይድ ስልኮች ማብሪያውንና ድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ ይዘሽ እስከ 20 ሴኮንድ ቆዪ። አይፎን 8 እና ከዚያ በኋላ የመጡት ላይ ድምፅ መጨመሪያውን ተጭነሽ ልቀቂ፤ ድምፅ መቀነሻውንም ተጭነሽ ልቀቂ፤ ከዚያ የጎኑን ቁልፍ የፖም ምልክት እስኪመጣ ይዘሽ ቆዪ። ይህ ምንም አያጠፋም።

4. ጽሑፍ የተደረደረበት ስክሪን ከመጣ ተጠንቀቂ

ቁልፎቹን ስትጫኚ አንዳንዴ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዝርዝር ይወጣል። "ሪቡት ሲስተም ናው" የሚለው ስልኩን እንደገና ያስነሳል፤ ጉዳት የለውም። "ዋይፕ ዳታ" ወይም "ፋክተሪ ሪሴት" የሚለው ግን ሁሉንም ነገር ይጠርጋል። ማንበብ ካልቻልሽ አንዱንም አትምረጪ። ስክሪኑን በሌላ ስልክ ፎቶ አንሺና ለምታምኛት፣ ማንበብ ለምትችል እህት ላኪላት።

5. ውሃ ከገባበት ወይም ከጋለ

ውሃ የገባበትን ስልክ ቻርጅ አታድርጊ። ከበራ አጥፊው፤ ጠርገሽ አየር በሚያገኝበት ቦታ አድርቂው። ሩዝ ውስጥ መቅበሩ አይረዳም፤ ብናኙ መሰኪያው ውስጥ ይገባል። በጅዳና በመካ ሙቀት፣ ወይም ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ የጋለ ስልክ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። ጥላ ውስጥ አስቀምጪው፤ ሲበርድ ይነሳ ይሆናል። ፍሪጅ ውስጥ ግን አታስገቢው፤ ውስጡ ላብ ይቋጥራል።

6. ወደ ጥገና ከመላክሽ በፊት

ሲም ካርዱን አውጪ። ተጨማሪ ሜሞሪ ካርድ ካለውም አውጥተሽ ያዢው፤ እዚያ ላይ ያሉት ፎቶዎች ብዙ ጊዜ በሌላ ስልክ ይከፈታሉ። የስልኩ የራሱ ሜሞሪ ግን እንዲህ አይደለም። በአሁኖቹ ስልኮች የሚከፈተው በራሱ ስልክና በራስሽ የይለፍ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ "አርጅቷል" ብለሽ ስልኩን አትሽጪው፣ አትጣይውም።

በሳዑዲ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞባይል ሽያጭና ጥገና ለአገሩ ዜጎች የተተወ ሥራ ነው። ስለዚህ ጠጋኙን የምታነጋግሪው በዐረብኛ ነው። እነዚህን ያዢ፦

"ላ ቲምሰሕ አይ ሸይ" — ምንም ነገር አታጥፋ።
"ቢዱን ፎርማት" — ያለ ፎርማት።
"አብጋ አሱወር" — ፎቶዎቹን እፈልጋቸዋለሁ።
"ቢከም?" — በስንት ነው?

መውጣት ካልቻልሽና ስልኩን ሹፌሩ ወይም ማዳም የሚወስዱልሽ ከሆነ፣ ይህንኑ በዐረብኛ ጽፈው ስልኩ ጀርባ ላይ እንዲለጥፉልሽ ለምኚ። ባትሪ፣ ስክሪን ወይም መሰኪያ መቀየር ፎቶ አያጠፋም። ጠጋኙ "ሶፍትዌር ነው" ካለ ግን ብዙ ጊዜ ሊያጠፋው ነው፤ "ተወው፣ መልስልኝ" በይ። ሌላ ጠጋኝ ሊያድነው ይችላል፤ ከጠፋ በኋላ ግን መመለሱ ከባድ ነው። የይለፍ ቁጥርሽን በወረቀት ጽፈሽ አትስጪ። ከቻልሽ ራስሽ ሄደሽ አጠገቡ ቁሚ፤ በስልክሽ ውስጥ ያለው የግልሽ ፎቶ የሌላ ሰው መጫወቻ እንዳይሆን።

7. ስልክሽ ዛሬ እየሠራ ከሆነ

ከላይ ካለው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ዛሬ ማታ፣ ከመተኛትሽ በፊት፦

• የፓስፖርትሽን፣ የኢቃማሽን፣ የውልሽንና የደመወዝ ደብተርሽን ፎቶ አገር ቤት ላለ ለምታምኚው ሰው ላኪ። ዋናው ደብተር ደግሞ በወረቀት ይኑርሽ።
• የእናትሽን ወይም የእህትሽን፣ የኤጀንሲሽንና በጅዳ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ቆንስላ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊ። ብዙዎቻችን በቃላችን የምናውቀው አንድም ቁጥር የለንም።
• የጎግል አካውንትሽን አድራሻና የይለፍ ቃል እወቂ። ስልኩን የገዛልሽ ሰው በራሱ ስም ከፍቶት ከሆነ የራስሽን አስከፍቺ።
• ዋትሳፕ ላይ ባክአፕ አብሪ። በኋላ በሌላ ስልክ በዚያው ቁጥርና በዚያው አካውንት ስትከፍቺ "ሪስቶር" ብሎ ሲጠይቅሽ እሺ በይ፤ አትዝለዪው።

ይህን ሳታደርጊ ስልክሽ ጠፍቶ ከሆነም ተስፋ አትቁረጪ። በሙሳነድ በኩል ከሄድሽ ውልሽ እዚያ ተመዝግቧል፤ የላክሽው ገንዘብም በላክሽበት ባንክ ወይም ሐዋላ ቤት መዝገብ አለው። እኔ ይህን ባለማወቄ ዝም ብዬ ቀረሁ። አንቺ ጠይቂ።

በወንጌል አንዲት ሴት ከአሥር ድሪም አንዱ ቢጠፋባት "ሄደ" ብላ አልተወችውም። መብራት አበራች፣ ቤቷን ጠረገች፣ እስክታገኘው ድረስ ተግታ ፈለገች። የላብሽ ማስረጃና የእናትሽ ድምፅ ከዚያ ድሪም አያንሱም። በእርጋታ ፈልጊያቸው።

ለውይይት

• ስልክሽ አሁን ቢጠፋ በቃልሽ የምታውቂው የማንን ቁጥር ነው?
• የደመወዝሽ ማስረጃ ከስልክሽ ሌላ የት አለ?
• አብራሽ ለምትሠራ ወይም በቅርብ ለመጣች እህት ከዚህ ትምህርት የትኛውን ቀድመሽ ታሳያታለሽ?