የቀረፋ ጌጥ ከልጆች ጋር፦ ዋናው ሥራ ማድረቁ ነው

ኦስሎ፣ ፉሩሴት ብሎክ ቤት ውስጥ ለገና ዕጣን ማጨስ ፈተና ነው። የጭስ ማስጠንቀቂያው ጣሪያ ላይ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ጭሱ ሽቅብ እንዳለ መጮህ ይጀምራል፣ ጎረቤትም በሩን ከፍቶ ይወጣል። (በነገራችን ላይ ኖርዌይ ውስጥ ዲሴምበር 1 የጭስ ማስጠንቀቂያ መፈተሻ ቀን ነው፤ የናንተንም ባትሪ ያን ቀን እዩት።) ቤቱ ያለ ጭስ በዓል በዓል እንዲሸት ከፈለጋችሁ ከቀረፋና ከፖም የዛፍ ጌጥ ሥሩ። ልጆች በእጃቸው የሚሠሩት ነው፤ ደግሞም ኖርዌጂያኖቹ ከሚያከብሩት ዲሴምበር 24 እስከ እኛ ታኅሣሥ 29 ድረስ ሁለቱንም ገና ያደርሳል። ሊጡ ቅቤም እንቁላልም የለውም፤ ጾሙን አያስፈታም ማለት ነው። ግን አይበላም፣ ይህን ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ቀረፋውን ሱፐርማርኬት ውስጥ በትንንሽ ብልቃጥ አትግዙት፤ ገንዘባችሁ ያልቃል። ከፉሩሴት በመስመር 2 ሜትሮ ግሮንላንድ ወርዳችሁ ከቅመም ሱቆች በትልቅ ከረጢት ግዙ። ለሻይና ለወጥ የምታስቀምጡት ምርጥ ቀረፋ ለዚህ አያስፈልግም። 2 ኩባያ የቀረፋ ዱቄት ለአንድ ዙር ይበቃል። ለማቡኪያ 1 ኩባያ ተኩል ገደማ የፖም ድልህ፣ ማለትም ኤፕለሙስ፣ ያስፈልጋችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት መለያውን አንብቡ፤ ስኳር የገባበት ከሆነ ጌጡ ሲጣበቅ ይከርማል። እኔ ፖሙን ራሴ ቀቅዬ መፍጨትን እመርጣለሁ፤ ውኃውን ጥሩ አድርጋችሁ ካጠለላችሁት ከተገዛው የተሻለ ይይዛል።

ኮረሪማ ጨምሩበት። ቀረፋና ቅርንፉድ ብቻ ከሆነ ቤታችሁ የኖርዌጂያኖቹን የገና ብስኩት፣ ፔፐርካከር፣ ፔፐርካከር ነው የሚሸተው፤ እሱን ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ጋግሮታል። የእኛ ቤት የሚያደርገው ኮረሪማው ነው። ልጣጩን አንሱለትና ፍሬውን ሳትቆሉ ልጆቹ በሙቀጫ ይውቀጡት፤ 1 የሾርባ ማንኪያ ኮረሪማ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ቅርንፉድ። ዕጣን ፈጭቶ መጨመር ያምራችሁ ይሆናል፤ ተዉት፣ እሳት ካላገኘው ሽታው እምብዛም አይወጣም።

የቀረፋውን ዱቄት እናንተ ገልብጡ እንጂ ልጅ ከረጢቱን አያራግፍ። ብናኙ ሳንባ ከገባ ክፉኛ ያስላል። ከዚያ በኋላ ድልሁን ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ አቡኩ፤ የማይሰነጠቅ፣ እጅም ላይ የማይቀር ጠንካራ ሊጥ ሲሆን አቁሙ። ሁለት ማንኪያ ነጭ የትምህርት ቤት ሙጫ ቢገባበት ጌጡ ሲወድቅ ቶሎ አይሰበርም። ለግማሽ ሰዓት አሳርፉት፣ ዳምጡት፣ ቅርጽ አውጡበት። የፔፐርካከር ቅርጽ ማውጫ በየቤቱ አለ፤ ኮከብና ልብ ይወጣል። ጀበናና የላሊበላ መስቀል ግን በካርቶን ስላችሁ በቢላ መቁረጥ አለባችሁ፤ ቢላውን እናንተ ያዙ። በስፌት ጠርዝ ላይ ጫን ብታደርጉት የስፌቱ ጥልፍ ይታተምበታል፤ ልጆቹ ከሁሉም ይህን ይወዱታል።

አሁን ስሙኝ። ሥራው የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው።

ውፍረቱ ሁሉ ቦታ እኩል፣ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን። ሳስቶ የተዳመጠ ይጣመማል። ወፍሮ የቀረ ደግሞ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆናል፣ ዛፉ ላይ ሳለም ነጭ ሻጋታ ያወጣል። የክሩን ቀዳዳ ሳይደርቅ በስትሮ ብሱ፤ ሲደርቅ ስለሚጠብ ከሚያስፈልጋችሁ ሰፋ አድርጉት። ከደረቀ በኋላ ልብሳው ያላችሁ እንደሆነ ለሁለት ይከፈላል።

የኦስሎ የክረምት ቤት አየር በማሞቂያው ምክንያት ደረቅ ነው፤ ይህ የሚጠቅም ይመስላል፣ ግን አይጠቅምም። ላዩን ቶሎ ያደርቅና ጠርዙን ወደ ላይ ይቆለምመዋል። ለማፋጠን ብላችሁ የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ላይ እንዳታስቀምጡት! መሸፈን እንደሌለበት እላዩ ላይ ተጽፏል፤ እሳት ያስነሳል። መስኮት ደፍ ላይም አይሁን፤ ብርዱ መስታወቱ ላይ ጤዛ ያወርዳል፣ ጤዛው ሻጋታ ይጠራል። የምድጃ ፍርግርግ ላይ ደርድሩት፣ ከሥሩም አየር ይግባ። የመጋገሪያ ወረቀት አታንጥፉ፣ እርጥበቱን ያፍነዋል። ጠዋትና ማታ ገልብጡት። ላዩ ሲጠነክር ቀለል ያለ የእንጨት መክተፊያ ጫኑበት፤ አይጣመምም። አራት አምስት ቀን ይፈጃል። ልጆች በየሰዓቱ «ደረቀ ወይ?» እያሉ ይነካኩታል፤ አንዱን ለመነካካት ብቻ ስጧቸውና ሌላውን አድኑ።

ቀን ካጠራችሁ ምድጃው ይሠራል፤ ግን ከ95 ዲግሪ አታሳልፉት፣ ማራገቢያውንም አጥፉት። ሁለት ሰዓት ያህል፣ መሀል ላይ ገልብጡ። ቸኩላችሁ 150 ብታደርጉት ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ሽታውም ምድጃው ውስጥ ይቀራል። እኔ ሁልጊዜ ቀኑን እመርጣለሁ፤ ስለዚህ በዲሴምበር መጀመሪያ ቅዳሜ ጀምሩ።

መድረቁን ለማወቅ በጥፍር አንኳኩት፤ ደረቅ ከሆነ እንደ እንጨት ኳ ይላል። ሪባን አስገቡና ልጆቹ ከትምህርት ቤት ከሚያመጡት የወረቀት ልብ ጋር ስቀሉት። ከባድ ስለሆነ ከቅርንጫፉ ጫፍ ይልቅ ወደ ግንዱ ጠጋ ይበል፤ ከሻማ ይራቅ።

ከበዓሉ በኋላ በወረቀት ጠቅልላችሁ ደረቅ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት። በዓመቱ ሽታው ደክሞ ከሆነ ጀርባውን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ፈግፍጉት፣ ይመለሳል።