ከፍላሹ የጠፋው የሠርግ ፎቶ

ጥያቄ፦ ሆሞሻ ውስጥ ፎቶ አንሺ ነኝ። የአንድ ሠርግ ፎቶዎችን ለማሳተም በፍላሽ ይዤ አሶሳ ወረድኩ። ስመለስ ፍላሹ ላይ አንዲት የአቋራጭ ምልክት ብቻ ቀርታለች። የካሜራውንም ካርድ አጥፍቼዋለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። አስቀድመህ በዚያ ካርድ አንድም ፎቶ እንዳታነሳበት። ፋይል ስናጠፋ አብዛኛውን ጊዜ የሚፋቀው ማውጫው ነው፤ ፎቶው ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው አለ።

የፍላሹ ነገር የቫይረስ ሥራ ይመስላል። ይህ ዓይነቱ ፎቶን ይደብቃል እንጂ አያጠፋም። አቋራጯን አትክፈታት፤ ቫይረሱን ኮምፒውተርህ ላይ የምታራባው እሷ ናት። "ፎርማት" አድርግ ቢልህም እሺ አትበል። በጸረ ቫይረስ አጽዳውና በዊንዶውስ "ቪው" ውስጥ "ሂደን አይተምስ" የሚለውን ምረጥ። ደብዘዝ ያለ ፎልደር ብቅ ካለ ሠርጉ እዚያ ውስጥ ነው። ካልታየ፣ ከፎልደር ማስተካከያው የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት አንሳው።

ይህም ካልሆነ ፎቶሬክ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም በካርዱ ላይ አሂድ። የፋይሎቹን የቀድሞ ስም አብዛኛውን ጊዜ አይመልስም፤ ያገኘውን ግን በሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጥ፣ በዚያው ካርድ ላይ በፍጹም።

አንድ ነገር ልጨምር። የካሜራህን ቀን በእኛ አቆጣጠር ሞልተኸው ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በፊት ከተነሱት ጋር ይደረድራቸዋል። ጠፋ ብለህ ከማዘንህ በፊት እዚያም ፈልግ።

ከእንግዲህ የሰው ሠርግ በሁለት ቦታ ሳይቀመጥ ካርድህን አታጥፋ፤ አደራ።