የጋላፓጎስ ዔሊዎች

ከኤኳዶር ጠረፍ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚገኙት የጋላፓጎስ ደሴቶች ከባሕር ወለል በፈለቀ እሳተ ገሞራ የተሠሩ ናቸው። ዛሬ ጎብኚው በትንሽ መርከብ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ሲነጋ ከሌላ ደሴት ይደርሳል። አስተዋይ ከሆነ የዔሊዎቹን ልዩነት ያያል፤ ይኸውም ዝናም ባለበት ደሴት ቅርፊቱ እንደ ተደፋ ድስት ክብ ሲሆን፣ በደረቁ ደሴት ግን አንገቱን ወደ ረጅሙ ቁልቋል ለመዘርጋት እንዲያመች ፊቱ እንደ ኮርቻ ከፍ ያለ ነው።

ዳርዊን በ1835 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) አምስት ሳምንት ያህል በዚያ ሲቆይ፣ ምክትል ገዥው ዔሊውን አይቶ ብቻ ደሴቱን ለይቶ ለመናገር እንደሚችል ነገረው። እርሱ ግን በጊዜው ከቁም ነገር አልቈጠረውም፤ የሁለት ደሴቶችን ስብስብ እንኳ በከፊል ቀላቅሎት ነበር። ማስታወሻችንን ቀን ሳንጽፍበት የምናስቀምጥ እኛ ልንስቅበት አንችልም። መርከበኞቹማ ለስንቅ የጫኗቸውን ዔሊዎች በልተው ቅርፊቱን፣ ማለት ማስረጃውን፣ ወደ ባሕር ጣሉት።

የፒንታ ደሴት ዔሊዎችንም ዓሣ ነባሪ አዳኞች እየጫኑ ወሰዱ፤ በኋላም ሰው የለቀቃቸው ፍየሎች ቅጠሉን ጨረሱት። የዘሩ መጨረሻ የሆነው «ብቸኛው ጆርጅ» በ2012 ሞተ። በድኑ ዛሬ በሳንታ ክሩዝ ደሴት በመስተዋት ውስጥ ቆሟል። ከመርከብ የሚወርደው ጎብኚ ሕያዋኑን ከሁለት ሜትር በላይ እንዳይቀርብ ታዟል።