የቆየ ትልቅ የአደን ጠመንጃ፦ ሲገዙ፣ ሲተኩሱ፣ ሲያስቀምጡ

ከመቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ የተሠራ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። በታንዛኒያና በዚምባብዌ ደንበኛ ይዘው ጎሽና ዝሆን ወዳለበት ጫካ የሚገቡ የሙያ አዳኞች ዛሬም ይይዙታል፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ደግሞ ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ ይገዙታል። ይህ ምክር እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለሚገዛ፣ ለሚጠግንና ለሚተኩስ ሰው ነው። በምሳሌነት የምይዘው 470 ናይትሮ ኤክስፕረስ የሚባለውን ነው፤ ከወገኖቹ መካከል በብዛት የሚታወቅ ከመሆኑም በላይ ጥይቱ ዛሬም ይመረታል።

ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከአንድ ነገር በኋላ ነው። ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ የተስተካከለው ለአንድ ዓይነት ጥይት ብቻ ነው፤ የባሩዱ መጠንና የአረሩ ክብደት ተወስኖ ነው የተሠራው። ያንን ሳያውቁ ገንዘብም ጥይትም አያውጡ።

1. በብረቱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ

የፊት እንጨቱን አውጥተው በርሜሎቹን ከአካሉ ይለዩና ከሥር በኩል ይመልከቱ። የለንደን ወይም የበርሚንግሃም የመሣሪያ መፈተሻ ቤት ማኅተም ያገኛሉ። በእንግሊዝ ሕግ ጠመንጃ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ከተለመደው በበረታ ጥይት ተፈትኖ ማኅተም ሊመታበት ይገባል። የለንደኑ ቤት ይህን ሥራ የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1637 ሲሆን፣ የበርሚንግሃሙ የተቋቋመው በ1813 ነው።

«ኮርዳይት» የሚል ቃል ከሁለት ቁጥሮች ጋር ካዩ፣ አንዱ የባሩዱን፣ ሌላው የአረሩን ክብደት ያመለክታል። ኮርዳይት ጭስ አልባ የእንግሊዝ ባሩድ ነው። የክብደቱ መለኪያ ግሬይን ይባላል፤ አንዱ ግሬይን 0.0648 ግራም ነው። ለ470 የተለመደው 75 ግሬይን ኮርዳይትና 500 ግሬይን፣ ማለትም 32.4 ግራም የሚመዝን አረር ነው።

የመለያ ቁጥሩን ከገለበጡ በኋላ ለሠሪው ድርጅት ይጻፉ። እንደ ሪግቢ፣ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድና ዌስትሊ ሪቻርድስ ያሉት የእንግሊዝ ሠሪዎች የድሮ መዝገብ አላቸው። በመለያ ቁጥሩ መሠረት መቼ እንደተሠራ፣ የበርሜሉ የመጀመሪያ ርዝመት ስንት እንደነበረና ለየትኛው ጥይት እንደተስተካከለ ማወቅ ይቻላል። ለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ ከጥይት ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

2. ጥቁር ባሩድን ከጭስ አልባው ይለዩ

በዚህ ሥራ ሰው የሚጎዳበት ዋናው ስህተት ሁለቱን ማምታታት ነው። «ኤክስፕረስ» የሚለው ስም ጭስ አልባ ባሩድ ከመምጣቱ በፊትም ነበረ። በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ የተሠሩት ኤክስፕረስ ጠመንጃዎች በጥቁር ባሩድ የሚሠሩ፣ ግፊታቸው ዝቅ ያለ ነበሩ። በ1898 ጆን ሪግቢ ለጥቁር ባሩድ ይሠራ የነበረውን ባለ 450 ረጅም ቀለህ በኮርዳይት ሞልቶ አወጣ። ቀለሁ በልኩ አንድ ስለሆነ አዲሱ ጥይት በአሮጌው ጠመንጃ ውስጥ ይገባል። ሲተኮስ ግን ግፊቱ ያ ብረት ከሚችለው በላይ ነው፤ መሣሪያው ከፊትዎ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ጥይቱ መግባቱ ለመተኮስ ፈቃድ አይደለም።

በሁለቱ መካከል ሌላ ዓይነትም አለ። ለጥቁር ባሩድ በተሠራ ጠመንጃ እንዲተኮስ ተብሎ ቀለል ተደርጎ የተሞላ ጭስ አልባ ጥይት ነበር፤ ጠመንጃውም በዚያው ተፈትኖ ማኅተም ይመታበት ነበር። እንዲህ ያለውን መሣሪያ በሙሉ ጉልበት ባለው ጥይት መተኮስ ከላይ እንዳለው ያው አደጋ ነው።

የቁጥር መመሳሰልም ያሳስታል። በ1868 የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ይዞት የመጣው፣ አባቶቻችን ሰናድር የሚሉት ጠመንጃ ቁጥሩ 577 ነው። 577 ናይትሮ ኤክስፕረስ የሚባል ትልቅ የዝሆን ጠመንጃም አለ። ሰናድር የጥቁር ባሩድ የጦር መሣሪያ ነው፤ ሌላው ግን 100 ግሬይን ኮርዳይት የሚያቃጥል ነው። የሚያገናኛቸው ቁጥሩ ብቻ ነው። የቀለሁ ርዝመት፣ የባሩዱ ዓይነትና የመፈተሻ ማኅተሙ ሦስቱም ሳይገጥሙ ጥይት አይግዙ።

3. ውስጡን ይለኩ

የድሮ ሠሪዎች ልክ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ትንሽ ይለያያል። ለስላሳ እርሳስ በዘይት አርሰው ከኋላ በኩል በናስ ዘንግ ቀስ እያሉ ይግፉና ሲወጣ በማይክሮሜትር ይለኩት። በሁለቱም በርሜል ይድገሙት። የ470 አረር ውፍረት ወደ 12.04 ሚሊ ሜትር ነው። በርሜሉ ከዚያ ከጠበበ ግፊቱ ይጨምራል፤ ከሰፋ አረሩ በሚገባ አይሽከረከርም።

የአረሩ ዓይነትም ያሳስባል። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ ወይም ከናስ የተሠራ ጠንካራ አረር በቀጭን የድሮ በርሜል ውስጥ ሲያልፍ በውስጥ ያለው ጥርስ በውጭ በኩል እንዲታይ ሊያደርግ ይችላል። ጉዳቱ አይጠገንም። ለእነዚህ ጠመንጃዎች ልቡ እርሳስ፣ ልብሱ ስስ ብረት የሆነውን አረር እመርጣለሁ።

4. ሲገዙ በእጅዎ የሚፈትኑት

የፊት እንጨቱን አውጥተው የሰደፉን አንገት ይዘው ጠመንጃውን ወዝወዝ ያድርጉት። በርሜሎቹ ከአካሉ ጋር በሚገጥሙበት ቦታ መላወስ ከተሰማዎት ማጠፊያው አልቋል። ዘግተው ወደ ብርሃን ይያዙት፤ በርሜሉና የአካሉ ግንባር በሚገናኙበት ክፍተት ብርሃን ካለፈ ያው ምልክት ነው። ይጠገናል፤ ነገር ግን ዋጋው ከባድ ስለሆነ ከመሸጫው ላይ መቀነስ አለበት።

በርሜሎቹን ለብቻ በገመድ አንጠልጥለው በእንጨት ቀስ ብለው ይምቷቸው። ድምፁ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ከቆየ ብየዳው ደህና ነው። የታፈነ ወይም የሚንዘረዘር ድምፅ ከሰጠ፣ ሁለቱን በርሜሎች የሚያያይዘው የስታኞ ብየዳ ለቅቋል ማለት ነው። የለቀቀ ብየዳ ዝናብና ዘይት ያስገባል፤ ዝገቱ ከማይታይበት ቦታ ይበላል፤ የሁለቱም በርሜል ኢላማ ይፋለሳል።

ቀጥለው በበርሜሉ ውስጥ ይመልከቱ። ክብ የሆነ ጥቁር ጥላ ካዩ፣ በርሜሉ አንድ ጊዜ ተዘግቶ ተተኩሶ አብጧል። ውጪውን በብርሃን አጋድመው ሲያዩት እብጠቱ ይለያል። እንዲህ ያለውን አይግዙ። ትንሽ የዝገት ጉድጓድ ግን በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው፤ በተለይ ከፊት በኩል ካልሆነ ኢላማን ብዙ አያበላሽም።

እንጨቱን ከብረቱ ጀርባ፣ በተለይ ከአንገቱ ላይ ይመርምሩ። ለብዙ ዓመት በላይ በላይ ዘይት የተቀባ ጠመንጃ ዘይቱ ወደ እንጨቱ ወርዶ አለስልሶታል፤ የዚህ ጥይት ርግጫ ደግሞ ለስላሳ እንጨትን ይሰነጥቃል። ብሎኖቹንም ይዩ። ጭንቅላታቸው በመፍቻ የተበላ ከሆነ፣ ሙያ የሌለው ሰው ከፍቶታል ማለት ነው፤ ውስጡን ሳያዩ አይስማሙ።

በርሜሉ የተቆረጠ መሆን አለመሆኑን ከሠሪው መዝገብ ጋር ያነጻጽሩ። ማነጣጠሪያው ቢዛወርም ከተቆረጠ በኋላ ሁለቱ በርሜሎች የሚመቱት ቦታ ይለያያል።

5. ሕጉን አስቀድመው ይጨርሱ

በኢትዮጵያ መሣሪያ መያዝን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ አደን ደግሞ በዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ብቻ የሚካሄድ ሥራ ነው። በአሜሪካ ለምትኖሩ፣ በፌዴራሉ ሕግ እስከ 1898 የተሠራ መሣሪያ የጥንት ተብሎ የሚመደብ ሲሆን የየክፍለ ግዛቱ ደንብ ግን ይለያያል። የበርሜሉ የውስጥ ስፋት ከግማሽ ኢንች ከበለጠ ለስፖርትና ለአደን የታወቀ ዓይነት መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የፊት ማነጣጠሪያው ነጭ ነጥብ የዝሆን ጥርስ ከሆነ ድንበር ሲሻገር የተለየ ፈቃድ ሊጠየቅበት ይችላል።

6. ጥይቱን ለጠመንጃው ያመቻቹ

ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ሲሠራ በርሜሎቹ ወደ ፊት ጠጋ ጠጋ ብለው ይበየዳሉ። ባለሙያው ይተኩሳል፣ ብየዳውን አሙቆ ያስተካክላል፣ ደግሞ ይተኩሳል፤ ሁለቱም አንድ ቦታ እስኪመቱ ድረስ። አረሩ በበርሜሉ ውስጥ እያለ ርግጫው የቀኙን በርሜል ወደ ቀኝ፣ የግራውን ወደ ግራ ስለሚገፋው ፍጥነቱ ከተለወጠ የሚመቱበትም ቦታ ይለወጣል።

ይህን ማወቅ ለሥራ ይጠቅማል። የቀኙ በርሜል ከግራው በስተቀኝ ርቆ ከመታ፣ ጥይቱ ዝግ ያለ ነው። የቀኙ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ተሻግረው ከመቱ ፈጥኗል። የ470 የመጀመሪያ ፍጥነት በረጅም በርሜል በሰከንድ 655 ሜትር ገደማ ነው፤ ባጠረ በርሜል ያንሳል። ጥይት ራስዎ የሚሞሉ ከሆነ የታተመ የሙሌት መጽሐፍ ይከተሉ፤ ግብዎ ከፍተኛው ፍጥነት ሳይሆን ሁለቱ በርሜሎች የሚስማሙበት ፍጥነት ይሁን።

ከጠመንጃው ጋር የሚሸጥ፣ ኪኖክ የተባለው ሠሪ ያመረተው የቆየ ጥይት ካለ አይተኩሱት። ለሰብሳቢ ይሽጡት። የድሮው መለኮሻ ጨው ይተዋል፤ ጨው እርጥበት ስቦ በርሜሉን በፍጥነት ያዝገዋል። ባሩዱም ለአሥርተ ዓመታት በምን ዓይነት ሙቀት እንደኖረ አይታወቅም።

7. ሲተኩሱ

የመጀመሪያዎቹን ጥይቶች አንዱን በርሜል ብቻ አጉርሰው ይተኩሱ። የፊተኛው ምላጭ የቀኙን፣ የኋለኛው የግራውን በርሜል ይለቃል። ርግጫው ጣትን ገፍቶ ሁለተኛውን ምላጭ ሊያስነካ ይችላል፤ ሁለቱ በርሜሎች አንድ ላይ ከተተኮሱ ትከሻም ሰደፍም ይጎዳል።

ቆመው ይተኩሱ። ክብደትዎን ወደ ፊተኛው እግር ያድርጉ፣ ሰደፉን ወደ ትከሻ አጥብቀው ይሳቡ። ሴፍቲውን ከገፉ በኋላ አውራ ጣትዎን ከመክፈቻው ጀርባ ያርቁ፤ ካልሆነ ይቆርጠዋል። በጠረጴዛ ተቀምጠው ወይም በደረት ተኝተው አይተኩሱ፤ ሰውነት የሚያፈገፍግበት ቦታ ስለማይኖረው ርግጫው ሁሉ አጥንት ላይ ያርፋል። ድጋፍ ካስፈለገ ከፍ ያለ መደገፊያ ላይ የእጅዎን ጀርባ ያሳርፉ፤ በርሜሉ ራሱ ጠንካራ ነገር እንዳይነካ። የጆሮና የዓይን መከላከያ የግድ ነው።

ለመፈተሽ 50 ሜትር ይበቃል። ቀኝ፣ ወዲያው ግራ፤ ከዚያ በርሜሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። የጋለ በርሜል ትክክለኛ መልስ አይሰጥም። በኋለኛው ማነጣጠሪያ ላይ ለ300 ያርድ የሚቆም ቅጠል ቢኖርም፣ ይህ መሣሪያ የቅርብ ርቀት መሣሪያ ነውና በቋሚው ቅጠል ይለማመዱ።

ርግጫን መፍራት የሚመጣው ከብዙ ጥይት ነው። ትከሻ ከመዛሉ በፊት ያቁሙ። ጓደኛዎ እርስዎ ሳያዩ አንዳንዴ እውነተኛ ጥይት፣ አንዳንዴ የልምምድ ባዶ ቀለህ ያጉርስልዎ፤ ባዶው ላይ አፈሙዙ ዝቅ ካለ ዓይንዎን እየጨፈኑ ምላጩን እየመቱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለ ጥይት መለማመድ እንጂ ተጨማሪ ጥይት አያድንም።

8. ከተኩስ በኋላ

ከኋላ በኩል ይወልውሉ። የመዳብ ማጽጃው ከተባለለት ጊዜ በላይ በርሜሉ ውስጥ አይቆይ። የማጠፊያውን ብረት በስስ ቅባት ይቀቡ። ምላጩን ባዶውን አይሳቡ፤ የልምምድ ቀለህ አስገብተው ስፕሪንጉን ያሳርፉ።

በቆዳ ሣጥኑ ውስጥ አያከማቹት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ካዝና ውስጥ አፈሙዙን ወደ ታች ያቁሙት፤ ዘይቱ ወደ እንጨቱ እንዳይወርድ። የማኅተሙን ጽሑፍ፣ የሁለቱን በርሜሎች ልክና የተስማማውን ጥይት ዓይነት በወረቀት ጽፈው ከጠመንጃው ጋር ያስቀምጡ። ሲሸጡት ወይም ሲያወርሱት ወረቀቱን አብረው ያስረክቡ።