የእጅ ሥራ ንድፍ ባለቤትነት በሞያሌና በሶሎሎ

የጥልፍ፣ የዳንቴልና የጨሌ ሥራ ንድፎች በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወሩ በቅድሚያ የሚነሣው የሕግ ጥያቄ የንድፉ ባለመብት ማን ነው የሚለው ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ጥያቄው የሚመለሰው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ «የሥራ አመንጪ» የሚለው ሥራውን በራሱ አእምሮ የፈጠረውን ሰው ሲሆን፣ ሥራው ወጥ ከሆነ፣ ማለትም ከሌላ ሰው ካልተቀዳ፣ እንዲሁም በወረቀት፣ በጨርቅ ወይም በስልክ ፋይል ግዙፍነት ካገኘ፣ ያለ ምንም ምዝገባ ጥበቃ ያገኛል።

በካሬ ወረቀት ላይ እያንዳንዱ ካሬ አንድ ስፌት ሆኖ በቀለም የተሞላበትን የቀሚስ ደረት ጥለት መመልከት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ሥዕሉና ከጎኑ የተጻፈው ማብራሪያ በሕግ ይጠበቃሉ፤ መርፌው ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ የሚያሳየው የአሠራር ዘዴ ግን፣ አዋጁ ሐሳብንና ዘዴን ከጥበቃ ውጭ ስላደረገ፣ የማንም የግል ንብረት አይደለም። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ የመሶብ አሰፋፍ፣ ወይም የቦረና ሴቶች ከእፅዋት ሥር ጭረት የሚሠሩት የወተት ዕቃ ቅርጽ፣ ፎቶ አንስቶ በለጠፈው ሰው ስም ሊያዝ አይችልም፤ የሰውየው ድርሻ ከፎቶው አያልፍም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው የባህላዊ ዕውቀትና የባህላዊ መገለጫዎች ጥበቃ ሕግ ለማኅበረሰቡ ለራሱ መብት መስጠቷ በዚህ ረገድ የሚያስመሰግን እርምጃ ነው።

የሌላውን ሥራ ያለ ፈቃድ በተመጣጠነ መጠን ለመጠቀም የሚፈቅድ ሰፊና ክፍት ደንብ በኢትዮጵያ አዋጅ ውስጥ የለም፤ ያሉት አንድ በአንድ የተዘረዘሩ ልዩ ሁኔታዎች ሲሆኑ፣ ለእጅ ሥራ ወዳዶች ዋነኛው አንድ ግለሰብ የታተመን ሥራ ለግል ጉዳዩ ብቻ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ የሚፈቅደው ነው። ስለዚህ ንድፉን በስልኳ አስቀምጣ የራሷን ቀሚስ የጠለፈች ሴት ጥፋት የለባትም፤ ያንኑ ፋይል ብዙ አባላት ላሉት ቡድን መልሳ የምትለጥፍ፣ ወይም በንድፉ ቀሚሶች ጠልፋ ለገበያ የምታቀርብ ግን፣ አዋጁ በእጅ የተሠሩ የጥቅም ዕቃዎችን ያጌጠ የሥነ ጥበብ ሥራንም ስለሚያቅፍ፣ ከግል ጉዳይ ወሰን አልፋለች። ንድፉ በነፃ መለቀቁ የመሸጥ ፈቃድ ተደርጎ መወሰዱ በየቡድኑ የሚታይ ጎጂ ስሕተት ነው፤ ነፃ ማየት ከመብት መተው ጋር አንድ አይደለምና።

በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ፣ በሞያሌ ወረዳ በምትገኘው ሶሎሎ ግን ሌላ ሕግ ይሠራል። የቅጂ መብት በየአገሩ ወሰን የሚጸና በመሆኑ፣ በሶሎሎ የተፈጸመ ቅጂ በመርህ ደረጃ የሚዳኘው እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የኬንያ የቅጂ መብት ሕግ ሲሆን፣ ይህ ሕግ ለግል ጥቅም፣ ለምርምር፣ ለሂስና ለግምገማ «ተገቢ አጠቃቀም»ን ይፈቅዳል። በአንጻሩ የኢትዮጵያ አዋጅ በዋናነት የሚጠብቀው ዜግነታቸው ወይም ዋና መኖሪያቸው ኢትዮጵያ የሆነ የሥራ አመንጪዎችን፣ እንዲሁም በመጀመሪያ በኢትዮጵያ የታተሙ፣ ወይም ውጭ ታትመው በ30 ቀን ውስጥ በኢትዮጵያ የታተሙ ሥራዎችን ነው። ኢትዮጵያዊት ጠላፊ ሶሎሎ ብትኖርም በዜግነቷ ትጠበቃለች፤ የኬንያ ዜጋዋ ጎረቤቷ ግን ንድፏ በኢትዮጵያ በኩል ባለው የሞያሌ ገበያ እንዳይቀዳ ከፈለገች ይህን የቀን ገደብ ማሰብ ይኖርባታል።

ባለመብቷ በንድፉ ላይ ስሟንና ቀኑን እንድትጽፍ፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ እንዳትጥል፣ ለሽያጭ የምትሰጠውንም ፈቃድ በጽሑፍ እንድታደርግ ይመከራል፤ መብቷ ተጥሶ የሞራል ጉዳት ከደረሰባት፣ በኢትዮጵያ አዋጅ መሠረት ፍርድ ቤት የሚወስነው የሞራል ካሣ ከ100,000 ብር አያንስም።