አሬይን ለፈንክሽን ስትሰጥ

ልጄ፣ ሲ ቋንቋ ስትማር አሬይ ለፈንክሽን ማቀበል ላይ ስትደርስ ረጋ በል። ቋንቋው ብዙውን ኃላፊነት ለአንተ የሚተወው እዚህ ላይ ነው።

1. የሚሄደው አድራሻ መሆኑን እወቅ። ተራ ኢንት ስትሰጥ ፈንክሽኑ የሚቀበለው ቅጂውን ነው። አሬይ ስትሰጥ ግን የሚደርሰው የመጀመሪያው ኤለመንት አድራሻ ብቻ ነው። የቤትህን አድራሻ የያዘ ሰው መጥቶ ግድግዳ ቢቀባ፣ የተቀባው ያንተው ቤት ነው። ፈንክሽኑ የለወጠው ኤለመንትም ጠሪው ዘንድ ተለውጦ ይገኛል።

2. ካሬ ቅንፉ አያታልልህ። በፓራሜትሩ ቅንፍ ውስጥ 10 ብለህ ብትጽፍም ኮምፓይለሩ የሚያየው ፖይንተር፣ ማለትም አድራሻ የሚይዝ ተለዋዋጭ ነው። ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላብስ ሲን ሲሠራ፣ ይህ አጻጻፍ ከቀደመው ኤንቢ (አዲስ ቢ) ቋንቋ አብሮ መጣ።

3. ብዛቱን አብረህ ላክ። ከሁሉ አጥብቀህ የምትይዘው ይህን ነው። ኢንት 4 ባይት በሆነበት ማሽን፣ የ10 ኢንት አሬይ በተፈጠረበት ቦታ መጠን የሚለካው ሳይዝኦፍ 40 ይልሃል። ፈንክሽኑ ውስጥ ስትጠይቀው ግን የፖይንተሩን መጠን ይነግርሃል፤ በባለ 64 ቢት ማሽን ይህ 8 ነው። ስለዚህ ብዛቱ ራሱን የቻለ ፓራሜትር ይሁን፤ ሉፕህም ከእሱ አይለፍ። ለምሳሌ የግቤት መስመር አንብቦ አሬይ ውስጥ የሚያስቀምጠው ጌትስ የተባለው ፈንክሽን የአሬዩን ስፋት የሚቀበልበት ፓራሜትር አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1988 የሞሪስ ዎርም የተባለው ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ወደ ኮምፒውተሮች ከገባባቸው በሮች አንዱ ይኸው ነበር። ጌትስ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው የሲ ስታንዳርድ ተሰርዟል።

4. ለንባብ ብቻ የሰጠኸውን ኮንስት በለው። ያኔ ፈንክሽኑ ኤለመንቶቹን ሊቀይር ሲሞክር ኮምፓይለሩ ያስቆመዋል።

5. በባለ ሁለት ልኬት አሬይ የዓምዶቹን ቁጥር አትተው። ቀጣዩ ረድፍ የት እንደሚጀምር የሚሰላው በእሱ ነው።

6. ፈንክሽኑ ውስጥ የፈጠርከውን ተራ አሬይ አድራሻ አትመልስ። ፈንክሽኑ ሲያበቃ የአሬዩ ዕድሜም ያበቃል። ይልቅ ጠሪው አሬይ ያዘጋጅ፣ ፈንክሽኑ ይሙላው።

7. ለሚቀጥለው ሰው አስብ። ፈንክሽንህን የሚጠራው ባልደረባህ ብዙ ጊዜ የሚያየው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው። ብዛቱና ኮንስቱ እዚያ ከተጻፉ፣ ምን እንደሚያቀብልና ምን እንደማይነካበት ሳይጠይቅህ ያውቃል።