የታመመን ሰው ያለ ፈቃዱ ሐኪም ቤት ስለ ማስገባት

የአእምሮ ሕመም እንደ ማንኛውም ሕመም ሕመም ነው። ሳንባ ነቀርሳ ሳንባን ይይዛል። የአእምሮ ሕመም ደግሞ ሐሳብን፣ እንቅልፍንና ንግግርን ይይዛል። በየመንደራችን ግን ስሙ ብዙ ነው። አንዱ «ለከፈው» ይላል። ሌላው «ዛር አለበት» ይላል። ልጆች «እብድ!» እያሉ ድንጋይ ይወረውራሉ። አብዛኛው ሕመምተኛ ማንንም አይነካም። ይልቁንም የሚመታው፣ የሚዘረፈውና የሚራበው እሱ ነው።

እግሩ የተሰበረ ሰው «ወጌሻ ዘንድ ውሰዱኝ» ይላል። አእምሮው የታመመ ሰው ግን ብዙ ጊዜ «እኔ ደኅና ነኝ፤ የታመማችሁት እናንተ ናችሁ» ይላል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሰውየው አልሄድም ሲል ምን ይደረግ? ማን ሊይዘው ይችላል? እስከ መቼስ? የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነው።

እኔ አምስት ኪሎ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የምማረው ስለ መንገድና ስለ ድልድይ ነው። አምስት ኪሎ ሲባል የጤፍ ኪሎ እንዳይመስላችሁ። ከኪሎ ሜትር የመጣ የሰፈር ስም ነው ይባላል፤ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ መካከል ይገኛል። ሕጉን ያነበብኩት ስድስት ኪሎ ከሚማሩ የሕግ ተማሪዎች ጋር ቁጭ ብዬ ነው። እነሱ የሚያውቁት ብዙ ነው፤ ግን ሲናገሩ ለገበሬ አይገባም። ስለዚህ በቀላሉ እጽፍላችኋለሁ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ገበሬ ታናሽ ወንድሙን ሊያሳክም ከገጠር ወደ አዲስ አበባ አመጣው እንበል። ሌሊቱን አምስት ኪሎ አካባቢ ከሚኖር ዘመድ ቤት አደሩ። ጠዋት ወንድምየው ከቤት ወጥቶ በሙዚየሙ አጥር በኩል ሮጠ። ልብሱን ጣለ፤ በመኪና ላይ ድንጋይ መወርወር ጀመረ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ገመድ አምጡ» አለ። ሌላው «ፖሊስ ጥሩ» አለ። አንዲት እናት ደግሞ «እንጦጦ ማርያም ጸበል ውሰዱት እንጂ ልጄን አትምቱት» አሉ።

አሁን ረጋ ብለን እናስብ። ይህ አስቸኳይ ነው ወይስ አይደለም? አስቸኳይ ነው። ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ ራሱም መኪና ሊበላው ይችላል። አስቸኳይ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ሰው ራሱን ልገድል ሲል፣ በሌላ ሰው ላይ እጁን ሲያነሣ፣ ወይም እህልና ውሃ ትቶ ሰውነቱ ሲዝል ነው። አራስ ሴትም በወለደች በጥቂት ቀን ወይም ሳምንት ውስጥ እንቅልፍ አጥታ ከተቃወሰች አስቸኳይ ነው፤ «ብርድ መትቷት ነው፤ ይለቃታል» ብሎ ማቆየት እናትንም ሕፃንንም ሊያሳጣ ይችላል። ብቻውን የሚናገር፣ ወይም ጸጉሩን ያጎፈረ፣ ግን በሰላም የሚሄድ ሰው ግን አስቸኳይ አይደለም። እሱን በልመናና በምክር እንጂ በጉልበት መያዝ አይገባም።

ሌላም አለ። ትናንት ደኅና የነበረ ሰው ዛሬ ትኩሳት ይዞት ከቀባጠረ፣ ነገሩ የአንጎል ወባ፣ የማጅራት ገትር ወይም ተስቦ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው አዲስ አበባ እስኪደርስ ሊሞት ይችላል። በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው የሚሮጠው።

ወደ አምስት ኪሎው ልጅ እንመለስ። ሰውን ከአደጋ ለማዳን ሦስት አራት ሰው ሆኖ እጁን መያዝ፣ ድንጋዩንና ስለቱን ማራቅ ይቻላል። መምታት አይቻልም። ፖሊስም ቢጠራ ሥራው ሕመምተኛውንና ሕዝቡን ጠብቆ ሐኪም ዘንድ ማድረስ ነው እንጂ ጣቢያ ወስዶ መቆለፍ አይደለም። መታመም ወንጀል አይደለምና። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በቁጥር 17 ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ውጭ ነጻነቱን አያጣም ይላል። «ማንም ሰው» ሲል አእምሮው የታመመውም አለበት። በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ከሆነ ደግሞ በቁጥር 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም።

ከአምስት ኪሎ ተነሥቶ በአራት ኪሎና በፒያሳ ወርዶ መርካቶን ያለፈ ሰው አማኑኤል ሆስፒታልን ያገኛል። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመ ነው። ስሙን ያገኘው በአጠገቡ ካለው ከአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ውስጥ የአእምሮ ሕመም ብቻ የሚታከምበት ሆስፒታል እሱ ብቻ ነበር። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሐረር ሰው ወንድሙን እያሰረ ያመጣ የነበረው ለዚህ ነው። ከ1980 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ግን የአእምሮ ሕክምና ነርሶች እየሠለጠኑ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተመድበዋል። ስለዚህ ዛሬ አስቀድሞ በቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያና ሆስፒታል መጠየቅ ይሻላል። ገንዘብም ይተርፋል፤ ገመዱም ያጥራል።

ሆስፒታል ሲደረስ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ወንድም አይወስንም፤ ፖሊስ አይወስንም፤ የቀበሌ ደብዳቤም አይወስንም። ሐኪሙ ይጠይቃል። መቼ ጀመረው? ይተኛል ወይ? ይበላል ወይ? ጭንቅላቱን ተመትቶ ያውቃል? አረቄና ጫት ያበዛል? ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት ወስዷል? የሚያመጣው ሰው ይህን አውቆ መምጣት አለበት። የቀረ ኪኒን ካለ ከነማሸጊያው፣ የጤና ጣቢያው የላከበትን ወረቀት፣ የጤና መድን መታወቂያውን ይያዝ። ሐኪም በብርቱ አደጋ ላይ ያለን ሰው ያለ በቂ ምክንያት አላይም ብሎ ቢመልስ፣ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በቁጥር 537 ያስቀጣዋል።

ሐኪሙ ሕመምተኛው ተኝቶ ይታከም ካለ ለቤተሰቡ ወረቀት ይቀርባል። «ፈርም» ይባላል። ድሮ ጣት ይጫን ነበር። እናንተ አሁን ማንበብ ትችላላችሁ። አንብቡት! ስለ ምን ሕክምና ይላል? ለስንት ጊዜ? መርፌ ነው ወይስ ሌላ? ያልገባችሁን ቃል ጠይቁ። ሕመምተኛውም ቢሆን መስማት የሚችለውን ያህል ይነገረው። መርፌው ወስዶት ከእንቅልፉ ሲነቃ የት እንዳለና ለምን እንደመጣ ሳይነገረው የቀረ ሰው፣ ዳግመኛ ሐኪም ቤት ቢሉት እንደ ጅብ ጉድጓድ ነው የሚያየው።

እስቲ ስለ ገመዱ እንነጋገር። በ2009 ዓ.ም. በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ ስለታሰሩ ሕመምተኞች የተጠና ጥናት ወጥቶ ነበር። አሳሪዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እናትና አባት ነበሩ፤ ልጃቸው ገደል እንዳይገባ፣ ጎረቤት እንዳይገድለው፣ ሕክምናም አጥተው ያሰሩት ነው። ይህን የሚፈርድባቸው ሰው ቤታቸው አንድ ሌሊት ይደር። ነገር ግን ሕጉ ለያዥ ሁሉ አይራራም። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 585 ያለ ሕግ ሰውን የያዘና የዘጋ ይቀጣል ይላል። «አእምሮው ታሟል» ብሎ በሐሰት ምክንያት የያዘ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል።

በሐሰት እብድ ነው የሚል ሰው ይኖራል ወይ? ይኖራል እንጂ! መሬት ባለበት አገር ይኖራል። ወንድም ወንድሙን «አእምሮው ልክ አይደለም» ብሎ መሬቱን ሊያርስ፣ በሬውን ሊሸጥ ይችላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚህ የሚለውን በደንብ ስሙ። ሰው ለአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኝቶ ባለበት ጊዜ እብደቱ የታወቀ ሰው ይባላል። በገጠርም፣ ከ2000 ሰው በታች በሚኖርበት ቦታ፣ ቤተሰቡ እየጠበቀው እንዳይዘዋወር የተከለከለ ከሆነ እንዲሁ ይባላል። ይህ ቁጥር 341 እና 342 ነው። «እብደቱ የታወቀ» መባል ግን ንብረቱን ይወሰድበት ማለት አይደለም። እንዲያውም መጠበቂያው ነው። በዚያ ጊዜ የፈረመውን የሽያጭ ወይም የኪራይ ውል፣ ራሱ ወይም ወኪሉ ይፍረስልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ጊዜ እንዳያልፍበት ግን እንዳገገመ ወዲያው ይጠይቅ።

ሰውየው ንብረቱን ማስተዳደር አይችልም የሚባለው በፍርድ ቤት ብቻ ነው። አቤት የሚለው ራሱ፣ ባለቤቱ፣ ዘመዱ ወይም ዐቃቤ ሕግ ነው። ፍርድ ቤቱም ሰውየውን ሳያይ አይወስንም፤ መቅረብ ካልቻለ ተልኮ የሚያየው ሰው ይመደባል። ከተፈረደ በኋላ ለሰውየው አሳዳሪና ሞግዚት ይሾምለታል። ስለዚህ የሽማግሌ ቃል ወይም የሆስፒታል ካርድ ብቻ ይዞ «መሬቱ የኔ ነው» የሚል ሰው ሕግ የለውም።

አንድ ጉድለት ግን አለ። ለብዙ ዓመታት በአገራችን ስለ አእምሮ ሕመም ብቻ የሚናገር ራሱን የቻለ አዋጅ አልነበረም። «ሕመምተኛ ያለ ፈቃዱ ሲገባ ስንት ሐኪም ይፈርም? በስንት ሰዓት ዳኛ ይወቀው?» ለሚለው ጥያቄ ቁጥር ቆጥሮ የሚመልስ ሕግ ታጥቶ ነው የኖረው። በሌላ አገር እስከ ሰዓቱ ተቆጥሯል። አማኑኤልን ያቋቋሙት የጣሊያኖች አገር በ1970 ዓ.ም. ሕጉን ለወጠ። ሰውን ያለ ፈቃዱ ለማስተኛት ሁለት ሐኪሞች ይመሰክራሉ፤ የከተማው ከንቲባ ያዝዛል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ለዳኛ ይነገራል፤ ዳኛውም በሚቀጥለው 48 ሰዓት ያጸናል ወይም ይሽራል። ትእዛዙ የሚቆየው 7 ቀን ነው፤ ካስፈለገ እንደገና ይጠየቃል። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ ለአስቸኳይ ጊዜ በአንድ ሐኪም ቃል እስከ 72 ሰዓት ፈቀደ። ከዚያ በላይ እስከ 28 ቀን ለማቆየት ሁለት ሐኪም ጠየቀ። እኔ የጣሊያኑ ይበልጥብኛል፤ ዳኛ አለበትና። ደግሞም ከወረራቸው ይልቅ ሕጋቸውን ብንማር ይሻላል።

በእኛ አገር «ወንድሜ ያለ ሕግ ተይዟል» የሚል ሰው መንገድ የለውም ማለት ግን አይደለም። አስቀድሞ ሐኪሙን፣ ቀጥሎ የሆስፒታሉን ኃላፊ «ለምን ያዛችሁት? መቼ እንደገና ይታያል?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ካጣ፣ ወይም ሰውየው የተዘጋው በግለሰብ ቤት ከሆነ፣ ፍርድ ቤት አለ። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 177 አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ የሚባል ነገር አለው። የተያዘው ሰው ራሱ መጻፍ ካልቻለ ሌላ ሰው በእሱ ስም ይጽፍለታል። ወረቀቱ ረጅም መሆን የለበትም። ማን እንደተያዘ፣ የት እንዳለ፣ ማን እንደያዘው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ያለ ፍርድ መያዙንም በመሐላ ይገልጻል። ፍርድ ቤቱ ያዡን ጠርቶ ምክንያቱን ይጠይቀዋል።